የተላጉት በሮች

ይህን የምጽፈው ዝናብ ሲመጣ ወንበሩን ወደ መስኮት አስጠግቶ ለሚመለከት ሰው ነው። እኔም እስካለፈው ነሐሴ ድረስ እንዲሁ ነበርሁ። የምኖርበት ባሕር ዳር ሜዳ ነው፤ የዘነበው ውኃ ጥቂት ጊዜ መንገድ ላይ ተኝቶ ሐይቁ ውስጥ ይገባና ይረሳል። ብዙ ዝናብ ተራራን ከሥሩ እንደሚያላላ በመጻሕፍት አንብቤ ነበር። ሆኖም ያነበቡትን ማወቅና የቆሙበትን ማወቅ የተለያዩ መሆናቸውን የተረዳሁት በጋይንት በኩል ወደ ስማዳ ሄጄ፣ በእስቴ በኩል ከተመለስሁ በኋላ ነው።

የጉዞዬ ምክንያት እናቴ ናት። ታላቅ ወንድሟ አያ እንየው በስማዳ ወረዳ፣ ከአንድ ተዳፋት ሥር በተሰበሰበች ትንሽ መንደር የሚኖሩ ገበሬና አናጢ ናቸው። በዚያ ክረምት ዝናቡ ከልክ አለፈ። ከእነርሱ መንደር ማዶ ያለ ኮረብታ ከነቡቃያው ወርዶ የሰው ቤት እንደ ቀበረ ወሬ ደረሰን። እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ብትደውል አልሠራ አላት። በአራተኛው ቀን ጠራችኝ።

“ሂድና ወንድሜን ከነሚስቱ ይዘህልኝ ና” አለችኝ። “እምቢ ካለህ ‘እሷ ራሷ ልትመጣ ነው’ በለው። የጉልበቴን ሕመም ያውቀዋል፤ ያፍራል።”

አጎቴ ስልኩ ከመጥፋቱ በፊት የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም አዲስ የእንጨት መላጊያ ምላጭ ነው። በዚያ ክረምት የመንደሩ አብዛኛው በር አብጦ አልዘጋ ስላለ፣ ከቤት ቤት እየተጠሩ ሲልጉ የድሮው ምላጭ አልቆባቸው ነበር። እናቴ ምላጩን በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ እኔም ከመጻሕፍቴ መካከል አስቀመጥሁት።

*ሰኞ፤ እስከ ንፋስ መውጫ*

ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነበር። ከባሕር ዳር በማለዳ የተነሣው ሚኒባስ ወረታን አልፎ ደብረ ታቦር ሲደርስ ሸሚዝ ብቻ የለበስሁት እኔ ብቻ መሆኔን አስተዋልሁ። ጉና በጉም ተጠቅልሎ ነበርና አላየሁትም፤ ብርዱን ግን ልኮልናል። በእኛ ከተማ በነሐሴም ቢሆን ሰው ጥላ ፍለጋ ዛፍ ሥር ይቆማል። ንፋስ መውጫ ላይ ስወርድ ስሟን ያወጣላት ሰው ነገር እንዳላጋነነ ወዲያው ገባኝ።

ያደርሁበት ሆቴል ጣሪያ ያፈስሳል። ባለቤቲቱ ሳፋ አምጥተው ከሚያፈስሰው ሥር አኖሩ፤ ሳፋውም ስለሞላ ሌላ አመጡ። ችግሩ ሳፋው ከመምጣቱ በፊት ሻንጣዬ እዚያው ሥር መቆየቱ ነበር። መጻሕፍቴ ረጥበው ሳዝን ሴትዮዋ ሰብስበው ወደ ማድ ቤት ወሰዷቸው። ሽሮና የድንች ወጥ ልበላ ስገባ መጻሕፍቱ በምድጃው ዙሪያ ገጻቸው ተከፍቶ ተደርድረዋል፤ እርሳቸውም እንደ ቂጣ እያገላበጡ ያደርቋቸዋል።

“ደብተራ ነህ?” ብለው ጠየቁኝ።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መሆኔን ነገርኋቸው።

“ታዲያ ይህን ሁሉ ተሸክመህ ወደ ስማዳ የምትሄደው ልታነብላቸው ነው ወይስ ልትሸጥላቸው?” አሉና የራሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው ደረቡልኝ። ጠዋት ልመልስ ብል አልተቀበሉኝም፤ በእስቴ በኩል እንደምመለስ እያወቁ “ስትመለስ ታመጣዋለህ” አሉኝ።

*ማክሰኞ፤ እስከ አርብ ገበያ*

ከንፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት ስንወርድ መንገዱን ጭቃና ድንጋይ ዘግቶት አገኘነው። በእኛ ዘንድ መንገድ ሲዘጋ ሰው ስልኩን አውጥቶ ማን እንደሚመጣ ይጠይቃል። እዚህ ሾፌሩ ወርዶ አካፋ አወጣ፤ ተሳፋሪዎቹም ያለ ትእዛዝ ጫማቸውን አወለቁ። የእኔ ጫማ ለከተማ አስፋልት የተሠራ ስለ ነበር ከሁለት እርምጃ በኋላ አንደኛውን ጭቃው ዋጠው። አንድ ባቄላ ነጋዴ ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ አወጣልኝና ለሾፌሩ አሳየው።

ሾፌሩ ጫማውን አይቶ እኔን አየ። “አንተ እዚያ ድንጋይ ላይ ቁም” አለኝ። “መምህር ትመስላለህ፤ ተራራውን አንብብልን። የሚንቀሳቀስ ነገር ስታይ ጩኽ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። ከተቆረጠው ተዳፋት ሥር እየቆፈሩ ነበርና ሕይወታቸው በእኔ ዓይን ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ሰዓት ያህል ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። ያየሁት ሣር፣ ጉምና ድንጋይ ነው። የትኛው ድንጋይ ትናንት የት እንደ ነበረ ለማያውቅ ሰው ተራራ ሁልጊዜ ትክክል ይመስላል። ደግነቱ ምንም አልወረደም፤ እኛም አለፍን።

አርብ ገበያ ስንደርስ በመንገዱ ምክንያት የቆሙ መንገደኞች ማረፊያውን ሁሉ ይዘውት ነበር። ጫማዬን ያወጣልኝ ነጋዴ ሳልለምነው ወደ ቤቱ ወሰደኝ። እርሱና ባለቤቱ መደቡን ለእኔ ለቀው በባቄላ ከረጢቶች መካከል አደሩ። የእኛ ሰፈር ሰው ደግ ነው፤ ይሁን እንጂ ለማያውቀው ሰው መኝታውን ሲለቅ አላየሁም፤ እኔም ለቅቄ አላውቅም።

*ረቡዕ፤ ወደ ስማዳ*

እስከ ወገዳ በእህል መኪና ላይ ቆሜ ሄድሁ። ከወገዳ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። በዘንግ ተደግፌ፣ ሁለት ጊዜ ወድቄ፣ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከአጎቴ መንደር ደረስሁ። አሥራ አንድ ቤት ናት። ከላይዋ የግጦሽ ሣር የለበሰ ተዳፋት አለ፤ ከጎን በኩል በቋጥኝ ላይ የተሠራችው ቤተ ክርስቲያን ትታያለች።

ለመግባት በሩን በትከሻዬ መግፋት ነበረብኝ። የአጎቴ ባለቤት እቴ ውዴ ከውስጥ እየጎተቱ “ግፋው፣ አትፍራው፣ የአንተ አጎት የሠራው በር አይሰበርም” ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ማን መሆኔን አወቁና አቅፈው ሳሙኝ።

አጎቴ ምላጩን ሲቀበሉኝ የሰጠኋቸው ወርቅ ይመስል ነበር። በአውራ ጣታቸው ስለቱን ዳሰሱ፤ ወደ ብርሃን አቅርበው አዩ። የእናቴን መልእክት ስነግራቸው ስለ ጉልበቷ የሚለው ጋ ስደርስ ሳቁ።

“ባሕር ዳር ሄጄ ምን ልሠራ?” አሉኝ። “የእናንተ በር ብረት ነው።”

ገብሱ እንዳልታጨደ፣ ላሞቹን የሚይዝላቸው እንደሌለ፣ ቤቱን ከምሰሶው እስከ ማገሩ በእጃቸው እንደ ሠሩት በየተራ ነገሩኝ። ማዶ የወረደው ኮረብታ ሰዎች ሥሩን ቆፍረውት እንጂ የእኛስ ከአያቶቻችን ጀምሮ የቆመ ነው አሉ። በመንደሩ ካሉት ቤቶች ስምንቱን የሠሩት እርሳቸው ናቸው፤ አንዱም እስከ ዛሬ ጎብጦ አያውቅም። ለመከራከር ሞከርሁ፤ ግን ትናንት ተራራ አንብብ ተብዬ ምንም ያላነበብሁ ሰው መሆኔን ስላስታወስሁ ድምፄ ደከመ። ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሳያባራ አደረ።

*ሐሙስ*

ጠዋት ዝናቡ ጥቂት ጋብ ሲል አጎቴ በሩን ከማጠፊያው አውልቀው በሁለት ግንድ ላይ አጋደሙት። እኔ እንዳይንቀሳቀስ ያዝሁላቸው። አዲሱ ምላጭ እንጨቱን እንደ ቅቤ ይቆርጠው ነበር። በዚያ ክረምት ይህን በር ሲልጉ አራተኛ ጊዜያቸው ነው። በደጁ ጥግ የቆየ ፍቅፋቂ ተቆልሏል፤ እርሳቸውም ደጋግመው ከአንድ ቦታ፣ ከበሩ የላይኛው ጥግ ላይ ብቻ ይልጋሉ።

እንደ ማንኛውም የእጅ ሥራ የማያውቅ ሰው ለመማር ጠየቅሁ። “አያ፣ እንጨት ውኃ ሲጠጣ በአንድ ጥግ ብቻ ነው የሚያብጠው?”

እጃቸው በመላጊያው ላይ ቆመ።

“ምን አልህ?”

ደገምሁላቸው። አጎቴ በሩን ከግርጌ እስከ ራስጌው ተመለከቱት። “ዝናብ የሚረጨው ከታች ነው” አሉ ቀስ ብለው። “እኔ የምልገው ከላይ ነው።”

ወደ ቤት ገብተው ቱንቢያቸውን ይዘው ወጡ። ቱንቢ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ክር ነው፤ አናጢ የሚያቆመው እንጨት ቀጥ ማለቱን የሚያይበት። ከጉበኑ ላይ አንጠለጠሉትና ብረቱ መወዛወዙን እስኪተው ጠበቁ። ክሩ ከላይ መቃኑን ነክቶ ነበር፤ ከታች ግን በክሩና በመቃኑ መካከል አራት ጣት ይገባል። ወደ ውስጥ ገብተው ከምሰሶው ላይ አንጠለጠሉት፤ ያው ነው። ቤቱ ወደ ቁልቁለቱ አዘንብሏል።

እቴ ውዴ “ቤት ሲያረጅ ይዘምም የለም ወይ?” አሉ።

“እኔ የሠራሁት ቤት አይዘምም” አሉ አጎቴ። ድምፃቸው ላይ ትዕቢት አልነበረም፤ የእንጨት ልክ እንደሚናገሩ ነበር የተናገሩት። “የዘመመው መሬቱ ነው።”

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሁሉ የማስታውሰው በአድናቆት ነው። አጎቴ ስለ ቤታቸው አንድ ቃል ሳይጨምሩ ቱንቢውን ጠቅልለው ወደ ጎረቤት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው። የመጀመሪያዋ ጎረቤት ወይዘሮ ዘነቡ የምትባል፣ ምላሷ የሚፈራ ባልቴት ናት። የእሷም በር ሁለት ጊዜ ተልጓል። ቱንቢው ሲንጠለጠል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየች።

“አያ እንየው፣ ባለፈው ሳምንት እንጨቱ አብጦ ነው ብለው ላጉልኝ። ዛሬ ደግሞ መሬቱ ነው ይሉኛል። ነገ ምን ሊሉኝ ነው፣ ሰማዩ ነው?”

“ተሳስቼ ነበር፣ ዘነቡ” አሉ አጎቴ። “መሬቱ በየበሩ ሲነግረኝ እኔ እየላግሁ ጣልሁት። በዚህ ክረምት ስምንት በር ልጌያለሁ፤ ስምንቱንም ከላይኛው ጥግ።”

ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በእጃቸው ሥራ የተከበሩ ሰው በጎረቤት ደጅ ቆመው እንዲህ ማለታቸው ለእኔ ከብዙ ስብከት በላይ ነበር። በእኛ መሥሪያ ቤት ስሕተቱን ያመነ ሰው ባየሁ ጊዜ ማስረጃ ቀርቦበት ነው።

ዘነቡ እጇን ከወገቧ አወረደችና “እንግዲያውስ ላይ ያለውን ፈሰስ እንይ” አለች።

ፈሰስ የሚባለው ገበሬ የዝናብ ውኃ እንዲወርድለት በማሳው ላይ በማረሻ የሚያወጣው ቦይ ነው። ከመንደሩ በላይ ባለው ግጦሽ ዳር ከዳር የተሻገረ አንድ ፈሰስ ነበር። ዘነቡ የላይኛው ጎረቤቷ ውኃውን ወደ እሷ ገብስ ለመልቀቅ ያወጣው መስሏት ሽማግሌ ልትሰድበት ዝታ ነበር። ጎረቤቷ ደግሞ እሷ ያስወጣችው መስሎት ዝም ብሎ ቂም ይዞ ኖሯል። ስንወጣ ጎረቤቷን ጠርተን አብረን ሄድን። እርስ በርሳቸው ተያይተው ሁለቱም “እኔ አላወጣሁም” አሉ።

አጎቴ ዘንጋቸውን ወደ ቦዩ ሰደዱት። ዘንጉ እስከ እጃቸው ገባ፤ መጨረሻ አላገኘም። ፈሰስ አልነበረም። ተራራው የተቀደደበት ቦታ ነበር፤ የዘነበው ውኃም ሁሉ በዚያ በኩል ወደ ሆዱ ይገባ ነበር።

“እኔ ደግሞ ሰው ልከስበት ነበር” አለች ዘነቡ።

ቁልቁል ስንመለስ ማንም አልሮጠም። ከቤተ ክርስቲያኗ ቄሰ ገበዝ ጋር ተማከሩና ሰው ሁሉ በቋጥኙ ላይ ወዳለው የሰንበቴ ቤት እንዲሄድ፣ ከብቱም በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ እንዲታሰር ተስማሙ። ከዚያ አጎቴ በየቤቱ እየዞሩ በሮቹን ከማጠፊያቸው ማውለቅ ጀመሩ። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም፤ ቤት ሊጠፋ በር ምን ያደርጋል ብዬ አሰብሁ። ወዲያው ገባኝ። በሮቹ አልጋ ሆኑ። መሄድ የማይችሉ ሁለት አሮጊቶችን፣ አንዲት አራስ ከነልጇ፣ የጎተራውን ገብስና ባቄላ በበር ላይ እያጋደሙ አራት አራት ሆነው በጭቃው ላይ ተሸከሙ። ሥራው እንደ ደቦ ነበር፤ ተራ ሲደርስ ቀልድ አይጠፋም። ከአሮጊቶቹ አንደኛዋ በበሯ ላይ ተጋድመው ሲሄዱ “እንየው፣ ስታገባኝ በዚሁ ነው የምትወስደኝ?” ብለው ሸክመኛውን ሁሉ አሳቁት። እኔም ትከሻዬን ሰጠሁ፤ ሦስት ጊዜ ከወደቅሁ በኋላ ግን ሴቶቹ መጻሕፍቴንና አንዲት ዶሮ አሲዘው አሰናበቱኝ።

የአጎቴ በር ከሁሉም በኋላ ወጣ። እቴ ውዴ ባዶውን ቤት ጠርገው ወጡ። ለምን እንደ ጠረጉት አልጠየቅሁም።

*ዓርብ*

ዝናቡ አላቋረጠም። በጾሙ ሥርዓት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነበርና መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ከቅዳሴ ወጥተን ጠበል ጠጥተን ሳንጨርስ ውሾቹ ዝም አሉ፤ ቀጥሎ ከተዳፋቱ ድምፅ ተሰማ። ነጎድጓድ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ከባድ ነገር መሬት ለመሬት ሲጎተት የሚሰማ፣ ረጅምና የማይቸኩል ድምፅ ነው። ከላይ ያሉት ባሕር ዛፎች ሳይወድቁ፣ እንደ ቆሙ፣ ወደ ታች ሄዱ። ከኋላቸው ሣሩ እንደ ጨርቅ ተጨማደደ። ከዚያ ቤቶቹ ያሉበት ቦታ ጭቃ ሆነ። ከአሥራ አንዱ ቤት ሁለት ብቻ ቀሩ።

ቄሰ ገበዙ ወዲያው በየቤቱ ስም እየጠሩ ሰው ቆጠሩ። ሁሉም “አለሁ” አለ። አንድም አልጎደለም።

አጎቴ በቋጥኙ ጫፍ ቆመው ቤታቸው የነበረበትን ቦታ ሲያዩ ቆዩ። አጠገባቸው ቆምሁ። ዘነቡ መጥታ በሌላው ጎናቸው ቆመች።

“አያ እንየው፣ ቤትዎ ቀጥ ብሎ ነው የሄደ” አለቻቸው።

አጎቴ ሳቁ፤ ከዚያ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

*ቅዳሜና እሑድ፤ መመለሻ*

ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ የእናቴን ቃል አነሣሁ። ሰዎቹ ቄሰ ገበዙ ባሳዩአቸው ድንጋያማ መሬት ላይ ጉድጓድ መቆፈር ጀምረው ነበር። አጎቴ በግድግዳው ሥር የተደረደሩትን አሥራ አንድ በሮች አሳዩኝ።

“ይህ ሁሉ ሰው በር አለው፤ ቤት የለውም” አሉ። “እኔ ከሄድሁ ማን ይገጥምላቸዋል?” ለእናቴ የላኩት ያለቀውን የድሮ ምላጭ ብቻ ነበር።

የእስቴ ከተማ በሆነችው በመካነ ኢየሱስ አደርሁ። የያዝሁት ክፍል በር አልዘጋ አለኝ። ባለቤቱ ጎልማሳ “ክረምት አይደለ፣ እንጨቱ አብጦ ነው” አለኝ። ክር እንዲሰጠኝ ለመንሁት። የጋቢዬን ጭቃና ፊቴን አይቶ ሊስቅ ፈለገ፤ ግን ክር አመጣ፣ ጠጠርም አስረን እርሱ ወንበር ላይ ቆሞ ያዘልኝ። መቃኑ ቀጥ ያለ ነበር። የመጣሁበትን ነገር ስነግረው ክሩን አልጣለውም፤ ይዞት ወደ ራሱ መኖሪያ ሲገባ አየሁት። ጠዋት የቁርሴን ዋጋ አልቀበልም አለ።

እሑድ ማምሻውን ባሕር ዳር ገባሁ። እናቴ በሩን ስትከፍት ከኋላዬ ሰው ፈለገች። ምላጩን ሰጥቻት ሁሉንም ነገርኋት። ምላጩን በጨርቅ ጠቅልላ አኖረችው።

ስልክ የሠራው ከመስቀል በኋላ ነው። እናቴ ወንድሟን ካለቀሰችባቸው በኋላ ስለ አዲሱ ቤት ጠየቀቻቸው፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። አምስት ቤት ቆሟል፤ መሬቱ ቋጥኝ፣ መቃኑ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። ግን የተላጉት በሮች ቀጥ ባለው መቃን ላይ ሲገጠሙ በላይኛው ጥግ እየጎደሉ ክፍተት ተዉ፤ በዚያ በኩል ብርሃንም ብርድም ይገባል።

እናቴ እንዲህ ያለ አናጢ ክፍተቱን በቁራጭ እንጨት መድፈን እንዴት ያቅተዋል ብላ ተቆጣቻቸው።

“አላቃተኝም” አሉ አጎቴ ከዚያ ማዶ። “ልጅሽ አንድ ጊዜ ጠየቀና ሁላችን ተረፍን። ክፍተቱን ከደፈንሁት ሌላው ልጅ ምን አይቶ ይጠይቃል?”